የዳታ ሳይንስና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲምፖዚየሞች፦ ጥናትን የት ማቅረብ ይሻላል?

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች በኮምፒውተር ሳይንስ፣ በኢንፎርሜሽን ሲስተምስና በዳታ ሳይንስ የሚማሩ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች የመመረቂያ ጥናታቸው መልክ መያዝ ሲጀምር አንድ ምርጫ ይደቀንባቸዋል። ጥናቱን በራሳቸው ዩኒቨርሲቲ ዓመታዊ ሲምፖዚየም ላይ ያቅርቡት፣ አገር ውስጥ ተካሂዶ በውጭ አሳታሚ ወደሚታተም ኮንፈረንስ ይላኩት፣ እንደ ዲፕ ለርኒንግ ኢንዳባ ባለ አህጉራዊ መድረክ ለመሳተፍ ያመልክቱ፣ ወይስ ከዓለም አቀፎቹ ታላላቅ ኮንፈረንሶች ጋር ተያይዘው በሚካሄዱ ዎርክሾፖች ይሞክሩት? ብዙ ጊዜ ምርጫውን የሚወስነው የትኛው ጥሪ በቴሌግራም ቀድሞ መድረሱ ወይም አማካሪው ከዚህ በፊት የተሳተፈበት መድረክ የትኛው መሆኑ ነው። ይህ ጽሑፍ ግን አማራጮቹን በሁለት ጥያቄዎች ያነጻጽራል። አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ጥናቱን የሚሰማው ማን ነው? ከመድረኩ ሲመለሱስ በእጅ የሚገባው ምንድን ነው፤ የታተመ ጽሑፍ፣ እርማት ወይስ ትውውቅ? ሦስቱንም በእኩል የሚሰጥ መድረክ እምብዛም አይገኝም።

የራስ ዩኒቨርሲቲ ሲምፖዚየም

አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዓመታዊ የምርምር ጉባኤያቸውን የሚያካሂዱት የትምህርት ዓመቱ ሊገባደድ ሲቃረብ፣ በሚያዝያና በሰኔ መካከል ነው። ከእነዚህም ውስጥ ዳታ ሳይንስንና ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የዓመቱ መሪ ርዕስ የሚያደርጉ ወይም ራሱን የቻለ ሲምፖዚየም የሚያዘጋጁ ኮሌጆች እየበዙ መጥተዋል። ተማሪዎች ይህን መድረክ የሚንቁበት ምክንያት ግልጽ ነው። አቀራረቡ በአብዛኛው በአጭር መግለጫዎች መድብል ብቻ ተመዝግቦ ይቀራል፤ መድብሉም በስኮፐስም ሆነ በሌላ ዓለም አቀፍ ማውጫ ውስጥ አይገባም። በዚያ ላይ የመርሐ ግብሩ አጠባበቅ አለ። የመክፈቻ ንግግሮች ከተመደበላቸው ጊዜ ያልፋሉ፤ የሻይ ዕረፍቱ ይገፋል፤ መጨረሻ ላይ ለአቅራቢው የተሰጠው አሥራ አምስት ደቂቃ ወደ ስምንት ይወርድና የመድረክ መሪው ገና የጥናቱ ዘዴ እየተብራራ ሳለ «ሁለት ደቂቃ» የሚል ወረቀት ያነሣል።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ጥናቱ ገና ላልተጠናቀቀ ተማሪ በእኔ ግምት ከዚህ የሚበልጥ መድረክ የለም። ምክንያቱን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። የቡና ቅጠል በሽታን ከፎቶግራፍ የሚለይ ሞዴል የሠራ ተማሪ፣ ሞዴሉ በመፈተኛው ዳታ ላይ 98 በመቶ ትክክል ሆነ ብሎ ያቀርባል እንበል። በዓለም አቀፍ ዎርክሾፕ ላይ የሚጠየቀው በአብዛኛው ስለ ሞዴሉ ነው፤ ስንት ንብርብር እንዳለው፣ አስቀድሞ በየትኛው የምስል ስብስብ እንደሠለጠነ፣ ከሌሎች ሞዴሎች ጋር ሲነጻጸር እንዴት እንደሆነ። የግብርና ኮሌጅ ባለበት ዩኒቨርሲቲ ሲምፖዚየም ላይ ግን ከኋላ ወንበር አንድ የአዝርዕት ጥበቃ መምህር እጃቸውን አውጥተው «ለመሆኑ እነዚህ ፎቶዎች የተነሡት ከስንት ዛፍ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ ጥናቱን ከመሠረቱ የሚነካ ነው። ከአንድ ዛፍ ሃያ ቅጠል ተነሥቶ አሥራ ስድስቱ ወደ ማሠልጠኛው፣ አራቱ ወደ መፈተኛው ከገቡ፣ ሞዴሉ የለየው በሽታውን ይሁን ወይስ የዚያን ዛፍ ጥላ፣ የዚያን ቀን ብርሃንና ከኋላ የሚታየውን አፈር ማወቅ አይቻልም። መፍትሔው ዳታውን በቅጠል ሳይሆን በዛፍ፣ ከተቻለም በማሳ መከፋፈል ነው። ውጤቱ ወደ 80 በመቶ ቢወርድ እንኳ ያ ቁጥር ከፊተኛው ይልቅ የሚታመን ይሆናል።

መምህሩ ቀጥለው ፎቶዎቹ በየትኛው ወር እንደተነሡና በበሽታ ምልክትና በምግብ እጥረት ምልክት መካከል ያለውን ልዩነት ማን እንዳረጋገጠ ቢጠይቁ፣ ተማሪው ከአማካሪው ሊያገኘው የማይችለውን ግምገማ በነፃ አገኘ ማለት ነው። ለጤና ዳታ ሐኪሙ፣ ለፍርድ ቤት ሰነዶች የሕግ መምህሩ፣ ለአማርኛ ወይም ለአፋን ኦሮሞ ጽሑፍ ደግሞ የቋንቋ ትምህርት ክፍሉ በአንድ ግቢ ውስጥ ይገኛሉ። ዳታው ከየት እንደመጣ የሚያውቁ ሰዎች በብዛት የሚገኙት እዚህ ነው፤ በእኛ አገር ጥናቶች ላይ ደግሞ ስሕተቱ ከሞዴሉ ይልቅ ከዳታው አሰባሰብ የመምጣት ዕድሉ ከፍተኛ ነው።

ስለዚህ በግቢ ሲምፖዚየም የሚሳተፍ ሰው መድረኩን ለዚህ ዓላማ ማዘጋጀት አለበት። የውጤት ሠንጠረዦችን ወደ አንድ ስላይድ አሳጥሮ፣ የዳታውን አሰባሰብ የሚያሳዩ ሁለት ወይም ሦስት ስላይዶች ማስገባት፣ ከተቻለም በጥናቱ መስክ የሚያስተምር አንድ ሰው በግል ጋብዞ ማስቀመጥ። በአዳራሹ ውስጥ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ብቻ ካሉ የመድረኩ ጥቅም በግማሽ ይቀንሳል።

አገር ውስጥ ተካሂደው በውጭ አሳታሚ የሚታተሙ ኮንፈረንሶች

በዚህ ረድፍ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ስም ጎልቶ ይነሣል። በባሕር ዳር የሚካሄደው የኢንፎርሜሽንና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ ለአፍሪካ ልማት ኮንፈረንስ፣ በምሕጻሩ አይሲቲ ፎር ዲኤ፣ ጽሑፎቹ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ዓለም አቀፍ ማኅበር በሆነው በአይትሪፕልኢ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ገብተዋል። የባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያዘጋጀው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዕድገቶች ኮንፈረንስ፣ አይካስት፣ ደግሞ ለተከታታይ ዓመታት በስፕሪንገር አሳታሚነት ቅጾች አውጥቷል። የፓን አፍሪካ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮንፈረንስም እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2023 በአዲስ አበባ ተካሂዶ ጽሑፎቹ በስፕሪንገር ታትመዋል። ከእነዚህ ቀደም ብሎ አይትሪፕልኢ አፍሪኮን የተባለው አህጉራዊ ኮንፈረንስ እ.ኤ.አ. በ2015 አዲስ አበባ ላይ ተሰብስቦ ነበር።

የእነዚህ ዋነኛ ጥቅም የታተመ ጽሑፍ ነው፤ ለምረቃ ወይም ለማዕረግ ዕድገት የታተመ ሥራ የሚያስፈልገው ሰው ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል። ሆኖም «ታተመ» የሚለውን ቃል ብቻ አምኖ መክፈል አይገባም። በመጀመሪያ፣ የራስ ኮሌጅ የድኅረ ምረቃ ወይም የማዕረግ ዕድገት መመሪያ የኮንፈረንስ ፕሮሲዲንግን፣ ማለትም በኮንፈረንሱ ቅጽ የታተመ ጽሑፍን፣ ከጆርናል ጽሑፍ እኩል ይቆጥረዋል ወይ የሚለው ከምዝገባው በፊት በጽሑፍ መጠየቅ አለበት። አንዳንዱ ጭራሽ አይቀበልም፤ አንዳንዱ ደግሞ ዝቅተኛ ነጥብ ይሰጣል። ቀጥሎ፣ ያለፈው ዓመት ጽሑፎች በአሳታሚው ድረ ገጽ ላይ በእርግጥ መገኘት አለመገኘታቸውን መመልከት ያስፈልጋል። ጥሪው ላይ የአሳታሚው አርማ መኖሩ የዘንድሮው ቅጽ ለመታተሙ ዋስትና አይሆንም፤ የአምናው ቅጽ መገኘቱ ግን ጥሩ ምልክት ነው።

የግምገማው ጥራት እንደየዘርፉ ይለያያል። አይካስት ከውኃ ምሕንድስና እስከ ኬሚካል ምሕንድስና የሚደርሱ ዘርፎችን የሚያቅፍ በመሆኑ፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጥናት በዚያ ከብዙ ዘርፎች አንዱ ነው። በአንጻሩ በአይሲቲ ፎር ዲኤ ወይም በፓን አፍሪካው ኮንፈረንስ የቀረበ ጽሑፍ የመስኩን ቋንቋ በሚያውቅ ገምጋሚ እጅ የመግባት ዕድሉ የተሻለ ነው። የአጻጻፍ ቅርጹም ልዩነት አለው። የአይትሪፕልኢ ቅርጽ በሁለት ዓምድ የሚጻፍና ብዙውን ጊዜ በስድስት ገጽ አካባቢ የሚወሰን ሲሆን፣ የስፕሪንገሩ በአንድ ዓምድ ተጽፎ ከአሥር ገጽ ያልፋል። ዘዴውን በሰፊው ማብራራት የሚጠይቅ ጥናት በስድስት ገጽ ሲታጨቅ በመጀመሪያ የሚቆረጠው የዳታው ገለጻ ነው፤ ይህም ከላይ የተነሣውን ድክመት ያባብሳል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ሳይነሣ አይታለፍም። አይትሪፕልኢ ተቀባይነት አግኝቶ ሳለ በመድረኩ ላይ ያልቀረበን ጽሑፍ ከዲጂታል ቤተ መጻሕፍቱ የማስቀረት መብት አለው። ስለዚህ ክፍያ ፈጽሞ ለማቅረብ መሄድ ያልቻለ ሰው ገንዘቡንም ጽሑፉንም ሊያጣ ይችላል። የበረራ ወይም የመንገድ ሁኔታ አስተማማኝ በማይሆንበት ጊዜ በበይነ መረብ ማቅረብ ይፈቀድ እንደሆነ አስቀድሞ ለአዘጋጆቹ ጽፎ መጠየቅና መልሱን ማስቀመጥ ይገባል።

ኢንዳባና ዳታ ሳይንስ አፍሪካ

ዲፕ ለርኒንግ ኢንዳባ እ.ኤ.አ. በ2017 በጆሐንስበርግ፣ በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ። በቀጣዩ ዓመት ወደ ስቴለንቦሽ፣ በ2019 ወደ ናይሮቢው ኬንያታ ዩኒቨርሲቲ ሄደ፤ ከወረርሽኙ በኋላ ደግሞ በቱኒዝያ፣ በጋና፣ በሴኔጋልና በ2025 በሩዋንዳ ተካሂዷል። ከዚህ ዋና ጉባኤ ሌላ ኢንዳባኤክስ በሚል ስም በየአገሩ የሚዘጋጁ ትንንሽ መሰባሰቢያዎች አሉ፤ ኢትዮጵያም ከእነዚህ አገሮች አንዷ ናት። ዳታ ሳይንስ አፍሪካ ደግሞ በ2015 በኬንያ ኒየሪ፣ በዴዳን ኪማቲ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የጀመረ ሲሆን፣ በ2019 አዲስ አበባ ላይ ተካሂዷል።

ሁለቱ በስም ይቀራረቡ እንጂ ጠባያቸው ይለያያል። ኢንዳባ ትልቅ ነው። የሳምንት ትምህርት፣ የተግባር ልምምድ፣ የፖስተር ትርኢትና በዓለም ታላላቅ የምርምር ተቋማት ከሚሠሩ አፍሪካውያን ጋር መገናኘት በአንድ ላይ ይገኙበታል። ዳታ ሳይንስ አፍሪካ ግን መጀመሪያ የሥልጠና ቀናት፣ ቀጥሎ ዎርክሾፕ ያለው ሲሆን፣ ትኩረቱም በገጠር፣ በጤናና በግብርና ያለ ተጨባጭ ችግርን በአነስተኛ መሣሪያ መፍታት ላይ ነው። ፒኤችዲ የሚፈልግ ወይም የምርምር ሥራ የሚሻ ሰው ኢንዳባን ቢመርጥ ያተርፋል። በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ዳታ ላይ የሚሠራ፣ ሴንሰር ገጣጥሞ የአፈር እርጥበት የሚለካ ወይም ከመስኩ ጋር ገና የሚተዋወቅ መምህር ደግሞ ሁለተኛው ይስማማዋል።

ሁለቱም የታተመ ጽሑፍ የማግኛ መንገድ ተደርገው መወሰድ የለባቸውም። በኢንዳባ ላይ የቀረበ ፖስተር እንደ ፕሮሲዲንግ አይታተምም። ይህ ጉዳት የሚመስላቸው አሉ፤ በእርግጥ ግን ጥቅም ነው፤ በፖስተር የቀረበው ሥራ በተሰጠው አስተያየት ታርሞ በኋላ ለጆርናል ወይም ለኮንፈረንስ ሊላክ ይችላልና። ማመልከቻውም የሚመዘነው በጽሑፍ ብዛት ብቻ አይደለም። አመልካቹ ለምን መምጣት እንደፈለገና ሲመለስ በዩኒቨርሲቲው ምን እንደሚሠራ የሚያስረዳው አንቀጽ ትልቅ ክብደት አለው። «እውቀቴን ለማሳደግ» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ፣ ለምሳሌ በትምህርት ክፍሉ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚሰበሰብ የንባብ ቡድን መኖሩንና በዚያም ምን እየተነበበ እንደሆነ መጥቀስ የተሻለ ያሳምናል።

የታላላቅ ኮንፈረንሶች ዎርክሾፖች

አይሲኤልአር የተባለው የማሽን ለርኒንግ ኮንፈረንስ እ.ኤ.አ. በ2020 በአዲስ አበባ ሊካሄድ ታቅዶ በኮቪድ ምክንያት ሙሉ በሙሉ ወደ በይነ መረብ ተዛወረ፤ በ2023 ግን ኪጋሊ ላይ ተካሄደ። ኮንፈረንሱ ወደ አፍሪካ የመምጣቱ ሐሳብ ያለ ምክንያት የተነሣ አልነበረም። በ2018 ኒውሪፕስ የተባለው ሌላው ታላቅ የማሽን ለርኒንግ ኮንፈረንስ በሞንትሪያል ሲካሄድ፣ ትምኒት ገብሩና ረድኤት አበበ በ2017 በመሠረቱት የጥቁር ተመራማሪዎች መድረክ፣ በብላክ ኢን ኤአይ፣ ዎርክሾፕ ላይ ለመገኘት ያመለከቱ ብዙ አፍሪካውያን ተመራማሪዎች የካናዳ ቪዛ ተከልክለው ቀርተዋል፤ ችግሩ በቀጣዩ ዓመትም በቫንኩቨር ተደግሟል።

በቋንቋ ላይ የሚሠራ ተማሪ ከእነዚህ ውስጥ በተለይ በ2020 የተጀመረውንና የአፍሪካ ቋንቋዎችን በኮምፒውተር በማቀናበር ላይ ያተኮረውን አፍሪካ ኤንኤልፒ ዎርክሾፕን ቢከታተል መልካም ነው። በዚሁ መስክ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ስብስብ የሆነው የማሳካኔ ማኅበረሰብ አባላት በብዛት የሚገኙበት መድረክ በመሆኑ፣ አማርኛን ከአሥር የአፍሪካ ቋንቋዎች አንዱ አድርጎ በ2021 የወጣውን፣ በጽሑፍ ውስጥ የሰው፣ የቦታና የድርጅት ስሞችን ለመለየት የተዘጋጀ የዳታ ስብስብ፣ ማሳካኔርን፣ የመሰሉ ሥራዎች ምን እንደጠየቁ የሚያውቁ ሰዎች እዚያ ይገኛሉ። የአማርኛ ሞዴል የሠራ ሰው ሀ፣ ሐና ኀ የተለያዩ ፊደላት ሆነው በአንድ ድምፅ ስለሚነበቡበት ችግር ለግቢው ታዳሚ ማብራራት አይጠበቅበትም፤ ለዚህ ዎርክሾፕ ግን ማብራራት አለበት፤ በለወጠው የፊደል አያያዝ ውጤቱ ምን ያህል እንደተሻሻለም በቁጥር ማሳየት ይኖርበታል። በአንጻሩ ስለ ሞዴሉ የሚሰጠው አስተያየት ከየትኛውም የአገር ውስጥ መድረክ የጠለቀ ነው።

ለመላክ ዝግጁ ላልሆነ ሰውም ከዚህ ረድፍ የሚገኝ ነፃ ጥቅም አለ። አይሲኤልአር የሚጠቀመው ኦፕን ሪቪው የተባለው ሥርዓት ጽሑፎቹን ብቻ ሳይሆን የገምጋሚዎቹን አስተያየትና የደራሲዎቹን መልስ ጭምር ለሁሉም ክፍት ያደርጋል። ከራሱ ርዕስ ጋር የሚቀራረቡ፣ ተቀባይነት ያጡ ጽሑፎችን መርጦ ገምጋሚዎቹ ያቀረቡትን ቅሬታ ያነበበ ተማሪ፣ የራሱን ጥናት ከመላኩ በፊት ምን ሊጠየቅ እንደሚችል ያውቃል።

ገንዘብና ቪዛ

የምዝገባ ክፍያ በዶላር ሲሆን ሒሳቡ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ገደማ ስለነበር የ300 ዶላር ምዝገባ ወደ 17 ሺህ ብር ይመጣ ነበር፤ ማሻሻያው በተደረገ በሳምንታት ውስጥ ምንዛሪው ከ100 ብር ስላለፈ ያው ክፍያ ከ30 ሺህ ብር በላይ ሆነ። ከወራት በፊት በብር የጸደቀ የምርምር በጀት ይዞ የሚንቀሳቀስ ተማሪ ይህን ልዩነት ከኪሱ እንዳይሸፍን፣ በጀቱ ሲጠየቅ ክፍያው በዶላር ተጽፎ እንዲጸድቅ ማድረግ ይኖርበታል። ክፍያውን ከዩኒቨርሲቲው ሒሳብ ለማስፈጸም የሚወስደውም ጊዜ አጭር አይደለም፤ የቅናሽ ምዝገባው ቀን ከማለፉ በፊት የምርምር ጽሕፈት ቤቱን ደጅ መጥናት ግድ ነው።

በቪዛ በኩል ሩዋንዳ ለአፍሪካውያን በሯን በመክፈቷ በኪጋሊ የሚካሄድ መድረክ ከሁሉም የቀለለ ነው። ለደቡብ አፍሪካ፣ ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ግን ቪዛው የጥናቱን ያህል ዝግጅት ይጠይቃል። ቪዛው አጠራጣሪ ከሆነ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የሚኖር ተባባሪ ደራሲ እንዲያቀርብ መስማማት የተለመደ መፍትሔ ነው፤ በእነዚህ አገሮች ያሉ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በዚህ ብዙ ሊያግዙ ይችላሉ። ሆኖም በደራሲነት ስሙ የሚገባው በሥራው የተሳተፈ ሰው ብቻ መሆን ይገባዋል።

የማይላክባቸው

ጽሑፉ በተላከ በሁለት ወይም በሦስት ቀን «ተቀባይነት አግኝቷል» የሚል ደብዳቤ ከመጣ፣ የገምጋሚ አስተያየት ከሌለ፣ አንዱ ኮንፈረንስ ከሕክምና እስከ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያለውን ሁሉ የሚቀበል ከሆነ፣ ወይም ያው አዘጋጅ በአንድ ወር ውስጥ በብዙ ከተሞች ጉባኤ እንደሚያካሂድ ከተገለጸ ወደዚያ መላክ አይገባም። በኮሚቴው ዝርዝር ላይ ስማቸው ከሰፈረው ፕሮፌሰሮች ለአንዱ በዩኒቨርሲቲያቸው ኢሜይል ጽፎ በእርግጥ አባል መሆናቸውን መጠየቅ ነውር የለውም፤ ብዙዎቹ ይመልሳሉ።

ምርጫው

ጥናቱ ገና በሂደት ላይ ያለና ዳታው በራሱ የተሰበሰበ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ መጀመሪያ በግቢው ሲምፖዚየም ያቅርብ፤ ከታረመ በኋላ ወደ አይሲቲ ፎር ዲኤ ወይም ወደ አንዱ የአገር ውስጥ ኮንፈረንስ ይላከው። የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ግን ሁለት ዓመት በአገር ውስጥ ፕሮሲዲንግ ላይ ከማተኮር ይልቅ ለኢንዳባ ማመልከትና በመስኩ ዎርክሾፕ ላይ መሞከር ይሻለዋል፤ የምረቃ ጽሑፉን በጆርናል ማውጣት ያለበት በመሆኑ ከኮንፈረንሱ የሚፈልገው ኅትመት ሳይሆን ጠንካራ ገምጋሚ ነው። ለማዕረግ ዕድገት የሚሠራ መምህር የኮሌጁን መመሪያ ያንብብ፤ ፕሮሲዲንግ የማይቆጠር ከሆነ የምዝገባ ገንዘቡን ለሌላ ያውለው። በባንክ ወይም በቴሌኮም ድርጅት የሚሠራ የዳታ ባለሙያ ጽሑፍ ሳይልክ በታዳሚነት ቢገኝ ይበቃዋል፤ ለዚህም ኢንዳባኤክስና እ.ኤ.አ. በ2015 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተነሥቶ በብዙ አገሮች የሚዘጋጀው የሴቶች በዳታ ሳይንስ መድረክ፣ ዊድስ፣ ተስማሚ ናቸው።

በመጨረሻም የመላኪያው ሰዓት አለ። ዓለም አቀፍ ዎርክሾፖች «በምድር ላይ በየትኛውም ቦታ» የሚለውን የሰዓት አቆጣጠር ስለሚጠቀሙ፣ በጥሪው የተጻፈው የመጨረሻ ቀን በእኛ አገር በማግስቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ያበቃል። የአገር ውስጥ ጥሪዎች ግን የሚዘጉት በአብዛኛው በዚያው ቀን ነው፤ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን በጎርጎርዮሳዊው፣ ሰዓቱም በእኛ ይሁን በፈረንጆቹ ካልተገለጸ፣ ጽሑፉን በቀደመው ቀን መላክና ሥርዓቱ የሰጠውን የመዝገብ ቁጥር ማስቀመጥ ያስፈልጋል።